የአስካለ የቅርብ ዘመድ

ባለፈው ሳምንት ጀሞ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ወረፋ ስጠብቅ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሱ አሮጊት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሲቀመጡ ከካፖርቱ እጥፋት የናፍታሊን ሽታ ብድግ አለ። ዛሬ ልብሱን በናፍታሊን የሚያስቀምጥ ሰው ብዙ የለም። ሴትየዋን አላውቃቸውም፤ ሽታውን ግን አውቀዋለሁ። ነርሷ ስሜን ሁለቴ ጠርታኝ አልሰማሁም አሉ። መካኒሳ፣ ከወንዙ በላይ ባለው ቁልቁለት፣ የእትዬ ቆንጂት በር ላይ ቆሜ ነበር።

ጊዜው በእኛ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። መካኒሳ ያኔ ግማሹ ከተማ ግማሹ ገጠር ነበር። ከአስፋልቱ ዳር የቀበሌ ቤቶችና ጥቂት ሱቆች፣ ከእነሱ ጀርባ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ ወዲያ ደግሞ እስከ ለቡ ድረስ የጤፍ ማሳ። ክረምት ሲገባ ውይይት ታክሲዎቹ ጭቃውን ፈርተው ወደ ሰፈራችን አይወርዱም፤ ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ ነበር አስፋልት የሚወጣው። እትዬ ቆንጂት ግን በዚያ ጭቃ ውስጥ እንኳ ካፖርታቸውን ሳያጎድፉ መራመድ የሚችሉ ብቸኛዋ የሰፈሩ ሰው ነበሩ።

አላገቡም፤ አልወለዱም። በንጉሡ ዘመን የውጭ ሰዎች የከፈቱት አንድ የመድን ቢሮ ውስጥ ታይፒስት ነበሩ። ደርግ ቢሮውን ሲወርስ «ከወንበሩና ከጠረጴዛው ጋር እኔንም ወረሱኝ» ይሉ ነበር፤ ጡረታ እስኪወጡም እዚያው ሠሩ። የሚኖሩት በአንዲት ጠባብ ክፍል ነው። አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ በዳንቴል የተሸፈነ አረንጓዴ የጽሕፈት መኪና፣ በላስቲክ የተለበደ መዝገበ ቃላት፣ ከዚያ ውጭ ብዙ ነገር የለም። የጽሕፈት መኪናው ሲመታ ግድግዳው ቀጭን ስለነበር እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። እናቴ «ዛሬ ደግሞ የማን ጉዳይ ይሆን» ትላለች።

የሰፈሩ እንግሊዝኛ ሁሉ የሚሄደው እሳቸው ጋ ነበርና። የመድኃኒት ወረቀት፣ ከውጭ የመጣ ደብዳቤ፣ የራዲዮ መመሪያ፣ የትምህርት ቤት ማመልከቻ። አንዴ ጎረቤታችን ሰልቫጅ ሸሚዝ ገዝቶ ደረቱ ላይ የተጻፈውን ሊያስተረጉም መጣ። እትዬ ቆንጂት አነበቡና «ገልብጠህ ልበሰው» ብቻ ብለው መለሱት። ምን እንደሚል እስካሁን አናውቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አምስት ስድስት የምንሆን ልጆችን እንግሊዝኛ ያስተምሩን ነበር። ክፍያችን ከቦኖ ውሃ መቅዳት ነው። ቁጡ አልነበሩም፤ በአንድ ነገር ግን አይታገሡም። አንብበን ሳንጨርስ መተርጎም ከጀመርን ብዕሩን ከእጃችን ይቀሙናል። «መጨረሻውን ሳታዪ አፍሽን አትክፈቺ» ይላሉ። «ግማሽ ወረቀት ውሸታም ነው።» እኔ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ስሜ ኤልሳቤጥ ቢሆንም እሳቸው ኤልሲ ነበር የሚሉኝ፤ ከተማሪዎቻቸውም በጣም የሚቀርቡት እኔን ነበር።

ከእኛ በታች፣ ወደ ወንዙ፣ እማማ ድንቄ ትኖራለች። እትዬ ቆንጂትን ሁላችንም እርስዎ ስንል፣ እማማ ድንቄን ግን ልጅ አዋቂው አንቺ ነበር የሚላት፤ ከእኛ ስለማትርቅ ነው። የባሏ ዘመዶች ከተማው ሳይደርስ ያንን ቁልቁለት ያርሱ የነበሩ ኦሮሞዎች ናቸው። ባሏ ሞቶ፣ መሬቱ ተሸራርፎ፣ የቀሯት ሦስት ላሞችና አንዲት ልጅ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ለሰፈሩ ወተት የምታዳርሰው እሷ ነበረች። ልጇ አስካለ ደግሞ ጸጉሬን የምትሠራኝ፣ ስትስቅ ፍንጭቷ የሚታይ፣ ላሞቹን እንደ ሰው በስማቸው እየጠራች የምታወራቸው ልጅ ነበረች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ በደላላ በኩል ለቤት ሠራተኛነት ቤሩት ሄደች። «ሁለት ዓመት ብቻ» ብላ።

መጀመሪያ ላይ ደብዳቤ ይመጣ ነበር። ፎቶም መጣ። ከፍ ያለ ሕንፃ በረንዳ ላይ፣ ጸጉሯን በሻሽ አስራ፣ ከኋላዋ የታጠበ አንሶላ ተሰጥቶ። አፏ ተዘግቷል። እናቴ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየችውና «ይቺ ልጅ ጥርሷን የት አደረገችው?» አለች። ከዚያ ፋሲካ አለፈ፣ ክረምት አለፈ፣ መስከረም ጠባ፤ ምንም የለም። እማማ ድንቄ ደላላው ቢሮ እየሄደች ትመለሳለች። «ደህና ናት፣ ሥራ በዝቶባት ነው» ይሏታል። በጥቅምት ማለቂያ ያለ ጊዜው ዝናብ ጣለ፤ በእርሻው ላይ የታጨደው ጤፍ ረጠበ። የእማማ ድንቄ ውሻ ቀን በቀን ወደ ወንዙ ዞሮ ያላዝን ጀመር። ሰዎች ድንጋይ ወርውረው ዝም ሊያሰኙት ይሞክራሉ፤ ለምን እንደሆነ ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም።

ደብዳቤው የመጣው ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ነው። እኛ ትምህርት ላይ ነበርን። እማማ ድንቄ የወተት ጣሳዋን እንደያዘች እየተጣደፈች ገባች። ቀለብላባ አልነበረችም፤ ያን ቀን ግን ትንፋሿ ይቆራረጣል።

«ቆንጂት፣ ከአስካለ አገር ወረቀት መጣ!»

እትዬ ቆንጂት መነጽራቸውን አደረጉ። ደብዳቤው አጭር ነበር፤ ሦስት አራት መስመር ቢሆን ነው። እሳቸው ግን ገጽ ሙሉ እንደሆነ ያህል ቆዩበት። አንዴ ጨረሱት፤ እንደገና ከላይ ጀመሩት።

«ማነው የሰጠሽ?» አሏት ቀና ሳይሉ።

«የደላላው ልጅ ነው። ግባ ብለው እግሩን ከደጃፉ አላሻገረም። አስተርጉሚው ብሎኝ ሮጠ። ምን ይላል? ደህና ናት?»

«ስለ ጤናዋ አልጻፉም» አሉ እትዬ ቆንጂት ቀስ ብለው። «የአስካለ የቅርብ ዘመድ ማን እንደሆነ፣ ስሙንና አድራሻውን ላኩልን ነው የሚሉት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም።»

እማማ ድንቄ ሳቀች። የሳቋ ፍንጭት የአስካለ ነበር። «እኔ ነኛ! ከእኔ ሌላ ማን አላት? ሊልኳት ነው ማለት ነው። ወዴት እንላካት፣ ማን ይቀበላታል ማለታቸው ነው። አይደለም እንዴ?»

እትዬ ቆንጂት ደብዳቤውን በቀድሞው እጥፋቱ አጠፉት። «እንጠይቃለን፤ መልስ እንጽፋለን» ብቻ አሉ። እኔ በጣም ቅርብ ስለተቀመጥኩ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቃል አይቼዋለሁ። ኔክስት ኦፍ ኪን ይላል። መጽሐፋችን ውስጥ ከነበሩት የዘመድ ቃላት፣ ከእናቱም ከአባቱም ከአጎቱም ጋር፣ አላየሁትም ነበር።

እማማ ድንቄ ከወጣች በኋላ ልጆቹን አሰናበቱ። እኔ ደብተሬን እንደምፈልግ ሰው ወደኋላ ቀረሁ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በአውራ ጣታቸው የካፖርታቸውን ቁልፍ ያሻሉ።

«እትዬ፣ ኔክስት ኦፍ ኪን ማለት የቅርብ ዘመድ ማለት ነው?»

«ነው።»

«ታዲያ ምነው እርስዎ ደነገጡ?»

ያንን ባልጠየቅኩ ብዬ ዓመታት ተመኝቻለሁ። እሳቸውም ለልጅ ባልመለሱ ብለው ሳይመኙ አልቀሩም። ግን ብቻቸውን ነበሩ፤ ቃሉም ከበዳቸው መሰለኝ።

«ትርጉሙ የቅርብ ዘመድ ነው» አሉኝ። «መዝገበ ቃላቱም የሚልሽ ይኼንኑ ነው። ግን ሰው በሕይወት ካለ የሚፈልጉትን ራሱን ይጠይቁታል፤ ዘመዱን አይጠይቁም። አሰብ መንገድ ላይ መኪና ሲገለበጥ፣ መርከብ ላይ ሰው ሲሞት፣ በዚህ ቃል የሚጀምረውን ደብዳቤ የምመታው እኔ ነበርኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ መትቼዋለሁ።»

ውጭ ውሻው ጮኸ።

«ምናልባት ታማም ሊሆን ይችላል» አሉ ቶሎ ብለው፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። «ሆስፒታል ለገባ ሰውም ይጠይቃሉ። በሦስት ቃል መርዶ አይነገርም። ባትሞትስ? በቁሟ ላለች ልጅ እናቷን ያስለቀስኳት እንደሆነስ? እስካጣራ ድረስ ለማንም እንዳትናገሪ። ለእናትሽም ቢሆን።»

ቃል ገባሁ።

በማግሥቱ መልሱን በጽሕፈት መኪናው መቱ፤ እማማ ድንቄ በአውራ ጣቷ ፈረመች። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ሳምንታት በልጅነቴ ከማስታውሳቸው ቀኖች ሁሉ የረዘሙት ናቸው። እትዬ ቆንጂት ቀን እየለዩ ካፖርታቸውን ለብሰው ደላላው ቢሮ ይሄዳሉ። ሲመለሱ ከመስኮት አያቸዋለሁ፤ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቁልኛል፤ ገና ነው ማለታቸው ነው። አንድ ቀን ካፖርታቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆኖ ተመለሱ። ያን ቀን ምንም ሳይነቀንቁልኝ አለፉ።

እማማ ድንቄ በበኩሏ ደስታዋን መያዝ አልቻለችም። ለአስካለ መኝታ ትሆናለች ያለቻትን ክፍል በጭድና በጭቃ እንደ አዲስ መረገች፤ ግድግዳውን ጋዜጣ ለጠፈችበት። እጆቿ እስከ ክርናቸው ጭቃ ለብሰው ጠራችኝና፣ «ኤልሲ፣ አንቺ እንግሊዝኛ ታውቂያለሽ፤ ያችን የእኔን ስም በይልኝ እስቲ» አለችኝ።

«የትኛዋን ስም?»

«የወረቀቷን። የቅርብ ዘመድ ያሉኝን።»

እምቢ ብል ምን እላታለሁ? «ኔክስት ኦፍ ኪን» አልኳት።

«ኔክስቶኪን» አለች። ደግማ ደጋግማ አለችው፤ ቃሉ አፏ ውስጥ ጣፈጣት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተት ልታድል ስትመጣ በራችንን እያንኳኳች «ክፈቱልኝ፣ የአስካለ ኔክስቶኪን ነኝ!» ትላለች። ሰፈሩም ወደደው። ባለሱቁ «ኔክስቶኪን፣ እንዴት አደርሽ?» ይላታል። ልጆች ከኋላዋ እየተከተሉ ይጠሯታል፤ እሷም ዞር ብላ ትስቃለች። እኔ ወተቱ አልወርድልሽ አለኝ። አፌ ውስጥ ይዤው ቆይቼ ጓሮ ሄጄ እተፋዋለሁ። እናቴ ሆዷን ነው ብላ ፌጦ በጥብጣ አጠጣችኝ።

አንድ ቀን ልነግራት ተነስቼ ነበር። የአስካለን ፎቶ የት ግድግዳ ላይ እንደምትሰቅለው ልታማክረኝ ወሰደችኝ። ክፍሉ እርጥብ ጭቃ ይሸታል፤ ጨለማ ነው። «እማማ ድንቄ» አልኳት። «ወዬ» አለችኝ፤ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ያንን ፊት እያየሁ አልቻልኩም። «ከበሩ ፊት ለፊት ይሻላል» አልኩና ሮጥኩ።

ሁለተኛው ደብዳቤ ታኅሣሥ ላይ መጣ። እትዬ ቆንጂት ከደላላው ቢሮ ራሳቸው ተቀብለው አመጡት፤ ወደ እማማ ድንቄ ሳይሄዱ በቀጥታ እኛ ቤት ገቡና ከእናቴ ጋር በር ዘግተው ተቀመጡ። እናቴ በነጠላዋ አፏን አፍና ወጣች። አስካለ ከአምስተኛ ፎቅ በረንዳ ወድቃ ሞታለች ይላል። የሞተችበት ቀን ተጽፏል፤ የመጀመሪያው ደብዳቤ ከመጻፉ አሥራ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው። እንዴት እንደወደቀች አንድም ቃል የለም።

መርዶው በማግሥቱ ንጋት ላይ ተነገረ። ጭጋጉ ከወንዙ ገና አልተነሳም ነበር። ሰባት ስምንት የሚሆኑ ሴቶችና ሁለት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በዝምታ ቁልቁል ሲወርዱ፣ እኔ ተይ እየተባልኩ ከአጥሩ ሥር ተከተልኩ። እማማ ድንቄ ላሟን እያለበች ነበር። የእግር ኮቴ ስትሰማ ቀና አለች። ሰዎቹን ሁሉ በዓይኗ አለፈቻቸውና እይታዋ የእትዬ ቆንጂት ጥቁር ካፖርት ላይ ቆመ።

ማንም አፉን ሳይከፍት ገባት። ጣሳው ከጉልበቷ ወደቀ። ጩኸቷን አልጽፈውም።

ሴቶቹ ይዘዋት፣ ደረቷን እንዳትመታ እጇን ጨብጠውት እያለ፣ ድንገት ዝም አለች። እትዬ ቆንጂትን ትክ ብላ አየቻቸው።

«ያን ቀን፣ አንብቢልኝ ስልሽ፣ አውቀሽ ነበር?»

እናቴ በጎን በኩል ጭንቅላቷን እየነቀነቀች አይደለም እንዲሉ ትለምናቸዋለች። እትዬ ቆንጂት አላዩአትም፤ ወይ አይተው እምቢ አሏት።

«እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ግን ጠርጥሬ ነበር» አሉ።

«ቤት ስመርግ ታይኝ ነበር።»

«አይሽ ነበር።»

«በዚያ ስም ስጠራ ትሰሚ ነበር።»

እማማ ድንቄ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረቻቸውም። በዚያ ቀን ማለቴ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ በሕይወታቸው ሁሉ።

ሬሳው በጥር መጣ፤ ሳጥኑ እንዳይከፈት ታዞ ስለነበር እንደታሸገ ተቀበረ። እናት ልጇን ሳታይ አፈር አለበሰቻት። ሰፈሩም ለሁለት ተከፈለ። አንዳንዱ «ሳያጣሩ እንዴት ይናገሩ፣ ደግ አደረጉ» አለ። ብዙው ግን «ሦስት ሳምንት መሳቂያ አደረገቻት» ነው ያለው። ልጆች ከቅዳሜው ትምህርት አንድ በአንድ ቀሩ። ወረቀት የያዘ ሰውም እሳቸውን አልፎ አስፋልቱ ዳር የተከፈተው የጽሕፈትና የትርጉም ቤት ይሄድ ጀመር። የእማማ ድንቄ ወተት የእትዬ ቆንጂትን በር ዘሎ ነበር የሚያልፈው። እኔ ብቻ መሄዴን አልተውኩም። እኔም ሦስቱን ሳምንት አውቄ የዋልኩ መሆኔን ለማንም አልተናገሩብኝም፤ ነቀፋውን ሁሉ ብቻቸውን ተሸከሙት። ስለዚያ ነገር አንዴም አላወራንም። ግሥ እናረባለን፣ አንቀጽ እንተረጉማለን፣ ሲመሽ እሄዳለሁ። ከሄድኩ በኋላ የጽሕፈት መኪናው ሲመታ እሰማለሁ። ጉዳይ የሚያመጣላቸው ሰው ሳይኖር ለማን እንደሚጽፉ ግን አስቤ አላውቅም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ፣ አንድ የጾም ሳምንት ታመው በአራተኛው ቀን አረፉ። ዕቃቸውን ሊያነሳ የወንድማቸው ልጅ ከደሴ መጣ። ከአልጋቸው ሥር አንድ የጫማ ካርቶን አግኝቶ፣ ላዩ ላይ ስሜ ስለተጻፈ ሰጠኝ። ውስጡ በካርቦን የተገለበጡ ደብዳቤዎች ነበሩ፤ አሥራ አራት። ሁሉም ወደ ቤሩት የተጻፉ ናቸው። ለአስቀጣሪው፣ ለፖሊስ፣ ለአንድ ሆስፒታል፣ ለማላውቃቸው ቢሮዎች። በረንዳው ምን ያህል ከፍታ አለው? ስትወድቅ ቤት ውስጥ ማን ነበር? በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር? ከመውደቋ በፊት ስምንት ወር ሙሉ ለእናቷ እንዳትጽፍ የከለከላት ማነው? የመጨረሻው የተጻፈው ከመሞታቸው አንድ ወር አስቀድሞ ነው።

ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጋር በስፒል የተያያዘ አጭር መልስ አለ፤ ከአሥራ አራቱ የተመለሰላቸው እሱ ብቻ ነው። ለሟች ዘመድ ካልሆነ በቀር ለጎረቤት ማብራሪያ አንሰጥም ይላል። ከሁለተኛው ደብዳቤ ጀምሮ ያሉት ሁሉ የሚከፈቱት በአንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ የሟች አስካለ አክስት ነኝ።

ካርቶኑን አንድ ሳምንት ደብቄ አቆየሁት። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ይዤው ወደ ወንዙ ወረድኩ። ያኔ ከላሞቹ የቀረችው አንዲት ነበረች፤ ማሳው ላይ ለቤት መሥሪያ ካስማ ተተክሎበታል። እማማ ድንቄ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። ምን እንደሆነ ነገርኳት። አላባረረችኝም። አንድ በአንድ፣ መጨረሻውን እያየሁ፣ ተረጎምኩላት። ጥያቄዎቹ ሲነበቡ ከንፈሯ አብሮኝ ይንቀሳቀሳል፤ ራሷ ስትጠይቃቸው የኖረች ይመስል። ሦስተኛው ላይ ያው ቃል ሲደገም በእጇ አስቆመችኝ።

«አክስቷ ነኝ ነው ያለችው?»

«አዎ።»

«እንዴት ያለችው አክስት?»

ጥያቄዋ የገባኝ ቆይቶ ነው። በእነሱ ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ የአባት እህትና የእናት እህት በአንድ ስም አይጠሩም። የአባት እህት አዳዳ ናት፤ የእናት እህት ሀቦ ናት። ወረቀቱን ደግሜ አየሁት፤ የእንግሊዝኛው ቃል እንደ አማርኛው ሁለቱንም ይይዛል።

«አይለይም፤ እማማ» አልኳት። «አክስት ብቻ ነው የሚለው።»

እማማ ድንቄ ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች። ፀሐይዋ ባሕር ዛፉ ላይ ደርሳ ነበር። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው፤ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ከእጄ እየተቀበለች እዚያ ላይ ደረደረቻቸው።

«ሀቦ ብለሽ አንብቢው» አለችኝ።

ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።